የገበያ መሐሉ ወፍጮ

ናፍጣ ሲሸተው የሚርበው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ትናንት አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ፣ እኔ ትኩስ ዱቄት ሸተተኝና ምራቄን ዋጥኩ። አትሳቁብኝ፤ ያደግሁት ወፍጮ ቤት ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ገበያ መሐል፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ነበር። የሚያስነሣውም የሚያጠፋውም አባቴ ነው። ከተማችን ያየችው የመጀመሪያ ሞተር እሱ ነው ይባል ነበር፤ ከከተማው ውጪ ካለው ከዲጋ ሳይቀር በአህያ እህል ይመጣለት ነበር። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ዱቄቱ ሲንሳፈፍ ያሳየን ነበር። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፤ ተራ የያዘ ጆንያ እያለ ወፍጮ ቤቱ አይዘጋም።

አንድ ዓመት የከተማው ሹም ገበያውን አፍርሰው በግንብ ሊያሠሩ ተነሡ። «ይሄ ጭሳም ነገር ወደ ዳር ይውጣ፤ እኛም እንሠልጥን እንጂ» አሉ። አባቴ ግን ያውቃል፤ ያ ሽማግሌ ሞተር ከመሠረቱ ከተነቀለ ዳግም አይነሣም። የአገር ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው ለመኗቸው፤ እንቢ አሉ። ያኔ ነገሩን ሴቶቹ ያዙት። በጆንያ በጆንያ እህል አምጥተው ተራ ያዙ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ የምታስፈጨው ያጣችው ያስፈጨችውን ዱቄት መልሳ ታመጣለች። እንደዚያ ሰሞን የላመ ዱቄት በልተን አናውቅም። ሊያፈርሱ የመጡት ሠራተኞች ዶማቸውን ተደግፈው «ዛሬስ አለቀ?» ሲሉ፣ እናቴ «ሂንዱምኔ፣ ገና ነው» ትላቸዋለች፤ እየሳቁ ይመለሳሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሹሙ እናት ሞቱ። እናቴ «ጠላትስ ቢሆን ለቅሶ ይቀራል?» አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። አገሩ በሙሉ ወጣ። በዚያ ቀን ተራ የያዘ ጆንያ አልነበረም። አባቴም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዱቄቱን ከፀጉሩ አራግፎ ቃሬዛ ሊሸከም ሄደ። ሠራተኞቹን ግን «ዛሬ ተዉት» ያላቸው የለም፤ ሹሙ በሐዘናቸው ረስተውታል። ቤቱ ባዶ መሆኑን አይተው ገቡ።

ከቀብር ስንመለስ ጣሪያው የለም። ሞተሩ በጎኑ ተጋድሞ ዘይቱ ይፈስሳል። አባቴ ተንበርክኮ በመዳፉ ነካው።

«አልቀዘቀዘም» አለ።

በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ ወደ ሹሙ ድንኳን ተነሣ። እናቴ አኮረፈች። እኔ ልጁም አንገበገበኝ፤ ግን ተከተልኩት። ሹሙ ሲያዩት ብድግ አሉ፤ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዜር ያጽናዎ» ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ወፍጮው...» ብለው ጀመሩ።

«ይቆየን ጌታዬ። ዛሬ የእናትዎ ለቅሶ ነው።»

ስንመለስ በገበያው መሐል እጄን ይዞ እያለቀሰ ሄደ። ያገኘን ሁሉ ለአሮጊቷ ያለቀሰ መስሎት «አይዞህ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት» ይለው ነበር።