የእትዬ ጥሩዬ ቡቺ

ደብረ ማርቆስ ቤት ልከራይ እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ሄድኩ። ከድመት የማትበልጥ ነጭ ውሻቸው ቡቺ በረንዳው ላይ ተኝታለች፤ ጀርባዋ እዚህም እዚያም ተመላልጧል።

«ምን በሽታ ይዟት ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ጤነኛ ናት!»

ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ቁርጭምጭሚቴን ነከሰችኝ። እትዬ ሳይደናገጡ መቀስ ይዘው መጡ። ሱሪዬን ሊቀዱልኝ ነው ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ውሻዋን በጉልበታቸው አጣብቀው ያዙ፤ እሷም ታለቅሳለች፣ ትንፈራገጣለች።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የነከሰህ ውሻ ጠጉር አርሮ ካልተነሰነሰበት ቁስልህ አይሽርማ!»

«ታዲያ ያ ሁሉ መላጣ...?»

«ለጎረቤቱ ሁሉ ቁስል የተሸለተ ነው። አንድ ቀን ሳታስበው አንዱን ነከሰች። ከዚያ ወዲህ ሰው ባየች ቁጥር ያሳብዳታል። ምን እንደነካት እንጃ፣ ልጄ!» አሉና መቀሱን ወደ ጅራቷ አዞሩ።