በእግሩ የገባ በግ

ዝናብ የመታው ባና ሲደርቅ የሚያወጣውን ሽታ የመንዝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የበግ ጠጉርና የጭስ ሽታ ተደባልቆ ነው፤ ለማያውቀው ይከረፋል፣ ለኛ ግን የቤት ሽታ ነው። ትናንት ካፊያ ያዘኝና ትከሻዬ ላይ የነበረችውን ትንሽ ባና እሳት ዳር አሰጣኋት። ይህች ባና ከሌሎቹ ትለያለች። ሞቅ ሲላት ከውስጧ ራቅ ብሎ የሎሚ ቅጠል የሚሸት ይመስለኛል። እህቴ "አፍንጫህ አርጅቷል" ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። ሽታው በመጣ ቁጥር ግን ልቤ ዛሬም ድንግጥ ይላል፤ መርከቡ ጥሎን የሚሄድ፣ በጉም መንገድ ላይ የሚቀር ይመስለኛል።

እህቴ ያኔ ገና አፏን የፈታች ሕፃን ነበረች። አንድ ክረምት ትኩሳት ያዛትና አልለቅ አለ። ገላዋ እንደ ፍም ይፋጃል፤ ጡትም ውሃም እንቢ አለች። በዚያ ሰሞን አንድ የጣና መነኩሴ ለደብራቸው እርዳታ እየለመኑ በአገራችን ሲያልፉ እኛ ቤት አድረው፣ የደሴታቸውን ጊዮርጊስ ተአምር አውርተው አልጠገቡም ነበር። እናቴ አገሩን አታውቀው፣ ሐይቁን አላየችው። ሲጨንቃት ግን ከአፏ የወጣው እሱ ሆነ። ደጅ ላይ ደግሞ በዚያው ቀን የተወለደ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለበት ቀይ ጠቦት ይጮህ ነበር።

"የደሴቱ ጊዮርጊስ፣ ይህችን ልጅ ብታተርፍልኝ፣ ይህንን ጠቦት በእግሩ አስገብቼ ደጅህ አቆመዋለሁ" አለች።

ልጅቱ ዳነች። ጠቦቱም አደገ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው የመጣ።

አባቴ የመንገዱን ርቀት ሰው ጠይቀው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። "አንቺ ሴት፣ በጉን ሸጠን ገንዘቡን ብንልክለት ጊዮርጊስ ይቀየማል?"

"እኔ ገንዘብ አልተሳልኩም፤ እሱን ነው የተሳልኩ።"

"ይሁን። በእግሩ ያልሽው ነገርስ? ከዚህ ጣና ድረስ በእግሩ?"

"አንቱ ደግሞ! ከአፌ የወጣ ወጥቷል፤ ልመልሰው እንዴ?"

ጎረቤት ቢመክር፣ የነፍስ አባታችን ቢያግባቡ አልሰማ አለች። ስለቱ እስኪገባ ድረስ ትኩሳቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ይመስላት ነበር። ልጅቱ ትንሽ ዝም ካለች የእጇን ጀርባ ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። እየሳቀች ስትሮጥም ይዛ አቁማ ግንባሯን ትዳስሳለች። እኔ ጢሜ ማጎንቆል የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ያን እጅ እስክታነሣው ቆሜ እጠብቅ ነበር።

በማግሥቱ ዓመት በጋው ሲገባ ተነሣን። ያ ሁሉ መንገድ በእግር የሚዘለቅ አልነበረምና በጉን መሐል ሜዳ ከተማ ላይ አውቶቡሱ ጣራ ላይ አሰርነው። እናቴ "መቼስ ቆሞ ነው የሚሄደው" ብላ ራሷን አጽናናች። አባቴም ደብረ ብርሃን ላይ ሲያወርዱት ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አዩና "ለዚህስ እኔ ራሴ እመሰክራለሁ፤ አንድም ቦታ አልተቀመጠም" አሉ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግረን ባሕር ዳር ገባን።

ሐይቁን መጀመሪያ ያየሁት ጠዋት ነው። ሰማይ መሬት ላይ የተሰጣ መሰለኝ። ዳር የለው፣ ተራራ የለው፤ ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። መርከቡ ላይ ስንወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። በዚያ ሙቀት አራታችንም ባናችንን እስካንገታችን ተከናንበናል። በአገራችን ሽማግሌዎች "ቆላ ስትወርድ ገላህን ሸፍን፤ ወባ የተራቆተ ነው የምትፈልግ" ይሉ ነበርና፣ ላባችን በጀርባችን እየወረደ ማንም ባናውን የሚያወልቅ አልነበረም።

"ኧረ ጉድ!" አለ አንዱ። "መንዜ እሱ መልበሱ ሳያንሰው በጉንም ባና አልብሶ መጣ!"

ሰው ሳቀ። እኔም በሳቅኩ፤ ግን በጉን አየሁት። አፉን ከፍቶ ያለከልካል። በመንዝ ብርድ ያደገ ጠጉር ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ ሆዱ ሥር ድረስ ወርዷል። እኛ ቢጨንቀን እንኳ ማውለቅ እንችላለን። እሱ ወዴት ያውልቀው?

ትኬት ቆራጩ ደሴቱ ላይ ስንወርድ መወጣጫው ላይ ቆሞ አስጠነቀቀን። "ከሰዓት በኋላ ጡሩንባ ሁለቴ እነፋለሁ። ከሁለተኛው በኋላ የቀረ ከጉማሬ ጋር ይደር።"

"ጉማሬ ምንድን ነው?" አለች እህቴ።

"የውሃ በሬ ነው" አሏት አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "አንተ ልጅ፣ ጆሮህ ከጡሩንባው አይጥፋ" አሉኝ።

ደሴቲቱ አረንጓዴ ነበረች፤ የኛ አገር በክረምት እንኳ እንዲያ አይለመልምም። መንገዱ በሎሚና በቡና ዛፍ መሐል ሽቅብ ይወጣል። ብርሃኑ በቅጠል ወንፊት እየተጣራ ይወርዳል። የረጠበ ደንገል፣ የዓሣ፣ የበሰበሰ ፍሬ ሽታ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገነት ነው ባልኩ። ያን ዕለት ግን የማየው የበጉን እግር ብቻ ነበር። መጀመሪያ መንቀርፈፍ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ መንገዱ እኩሌታ ላይ ጉልበቱ ታጠፈና ወደቀ። ጎኑ እንደ ወናፍ ይነሣል፣ ይወድቃል።

እናቴ ነጠላዋን በቅላችን ውሃ ነክራ አለበሰችው። አልተነሣም። አባቴ "ተሸከመው" አሉኝና ጎንበስ አልኩ።

"እንዳትነካው!" አለች። "በእግሩ ብያለሁ።"

"ሞቶ ከሚቀር በትከሻ ቢገባ አይሻልም?" አሉ አባቴ።

"ቃል የገባሁ እኔ፤ የምትታመመዋ ግን እሷ ናት!" ብላ ወደ እህቴ ጠቆመች። እህቴ ከመሬት ሎሚ ለቅማ ትላስና ፊቷን ታጨማድድ ነበር። ከወደ ሐይቁ የመጀመሪያው ጡሩንባ ተነፋ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ውሃ ሊቀዱ ባዶ እንስራ ይዘው በመንገዱ ቁልቁል መጡ። ቆም ብለው አዩን።

"ምን ሆናችሁ፣ ልጆቼ? እናንተም በጉም ልትሞቱ ነው እንዴ? ይህ ሁሉ ልብስ ምንድን ነው?"

"ስለት ነው፣ አባቴ" አለች እናቴ። "በእግሩ አስገባለሁ ብዬ ነበር። ወደቀብኝ።"

መነኩሴው እንስራቸውን አስቀመጡ፤ ከበጉ ጎን ቁጢጥ ብለው ጣቶቻቸውን ጠጉሩ ውስጥ ሰደዱ። እስከ አንጓቸው ጠፉ።

"ሸልቱታ!"

"የስለት በግ ይሸለታል እንዴ?" አለች እናቴ ደንግጣ። "ጎደሎ አይሆንብኝም?"

"ስትሳይ ጠጉሩን ነው ወይስ እሱን?"

"እሱን።"

"እንግዲያ ጠጉሩ የናንተ ነው።" አባቴን ቀና ብለው አዩና "ካራህ ይቆርጣል?" አሏቸው። "ስለቷን በስለት አውጣላት።"

አባቴ ሳቁ። ከዚያን ቀን በኋላ ይህችን ቃል ለስንት ሰው እንደነገሯት! በዚያች ሰዓት ግን ሳቃቸው ወዲያው ከፊታቸው ጠፋ። ካራቸውን መዘዙ፤ እኔ የበጉን አንገትና ደረት ይዤ ተንበረከክሁ።

"ደም እንዳታወጡበት፣ አደራ!" አለች እናቴ።

"ዝም በይ፤ እጄን አታንቀጥቅጭው።"

አባቴ በአገራችን ስንቱን በግ ሲሸልቱ አይቻቸዋለሁ፤ እያፏጩ ነው። እዚያ ግን አላፏጩም። ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ ጠጉሩ ላይ ይንጠባጠባል። የበጉ ልብ በመዳፌ ሥር ይመታል፤ የኔ ይሁን የሱ መለየት አቃተኝ። በየአፍታው ጆሮዬን ወደ ሐይቁ እጥላለሁ። እናቴ የሚወድቀውን ጠጉር ወደ ስንቃችን ስልቻ ትሰበስባለች፤ ከሎሚው ቅጠል ጋር፣ ከአፈሩ ጋር፤ ዓይኗ ግን ከካራው አልተነቀለም።

ሲያልቅ እህቴ መጥታ አየችው። "የኛ በግ የት ሄደ?" አለች።

እውነቷን ነው። የቀረው ቀጭን፣ አንገቱ የረዘመ፣ እንግዳ የሆነ ነገር ነበር። መነኩሴው በእጃቸው ውሃ አጠጡት። ትንሽ ቆየ። አንድ እግሩን አወጣ፤ ሁለተኛውን አወጣ። ቆመና ራሱን አራገፈ። ማንም አልጎተተውም። እናቴ ገመዱን ከአንገቱ ፈታች፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ እጇን ዘርግታ፣ ሳትነካው፣ ልጅ ዳዴ ሲል እንደሚከተሉት ሆና ወጣች። እንዲያ ሆኖ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር በአራት እግሩ ገባ። በሩ ላይ የነበሩት ቄስ "ስለትሽ ሠምሯል" ሲሏት መሬቱን ሳመችና መነሣት አቃታት።

ሁለተኛው ጡሩንባ ያን ጊዜ ተነፋ።

እንዴት እንደሮጥን አልነግርህም። እህቴ በጀርባዬ፣ ስልቻው በእናቴ ራስ ላይ፤ አባቴ ከፊት ባናቸውን አውልቀው እያውለበለቡ "ቆዩን! በጊዮርጊስ!" ይላሉ። ከኋላችን በጉ ይጮሃል፤ እህቴም ትመልስለታለች። ትኬት ቆራጩ መወጣጫውን ግማሽ ስቦ ነበር፤ ሲያየን መልሶ ለቀቀው።

"ተመልከቱ" አለ ያ ተሳፋሪ። "መንዜ ሥጋውን ለጊዮርጊስ ሰጥቶ ባናውን ይዞ ተመለሰ!"

አሁን እኛም ሳቅን። አባቴ ባናቸውን ሳይለብሱ በሸሚዝ ብቻ ተቀመጡ፤ ነፋሱን ተቀበሉት። እህቴ በስልቻው ላይ ተኛች። እኔ ስለቱ ገብቷል፣ አለቀ፣ እናቴ እንግዲህ ታርፋለች ብዬ አየኋት። ወደምትርቀው ደሴት ዞራ ተሳለመች። ከዚያ እጇን ወደ ልጅቱ ግንባር ሰደደች፤ ባሕር ዳር እስክንደርስም አላነሣችውም።

ያን ጠጉር እናቴ ራሷ ፈተለችው፤ አባቴ ሸመኑት። ይህች ባና ለእህቴ ትሆናለች ተብላ ተሠርታ፣ እህቴ ስታድግ ጠበበቻትና እኔ ጋ ቀረች። እናቴ እስክታልፍ ድረስ እኛን ስታገኝ ከሰላምታ በፊት ግንባራችንን ትዳስስ ነበር። ካለፈች ብዙ ክረምት ሆነ።

እህቴ አሁን አያት ሆናለች። ደሴቱን አታስታውሰውም፤ ስነግራትም "በጉን ግን ምነው ልብሱን አወለቃችሁት?" ብላ ታሾፍብኛለች። ትናንት ያችን ባና እሳት ዳር ስትተን አገኘቻት። "ዝናብ መታህ?" አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም፤ የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አደረገች። ይህን ከማን እንደወረሰችው የምታውቅ አይመስለኝም። ትኩሳት የለብኝም ማለት ይቻለኝ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩና፣ እጇን እስክታነሣው ግንባሬን ሳላንቀሳቅስ ቆየሁ።