ሸክላው በጋሪ፣ ባለሸክላዋ በእግሯ

ልጅ ሳለሁ ዳንግላ ከዘር መድልዎ ፍጹም ነፃ የሆነች ከተማ እንደነበረች በኩራት እመሰክራለሁ። ይህን የምለው በአገር ፍቅር ታውሬ ሳይሆን ማስረጃ ይዤ ነው፤ ማስረጃዬም በከተማችን «ለእነ እገሌ ብቻ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አንድም አግዳሚ ወንበር አለመኖሩ ነው። እርግጥ አግዳሚ ወንበሩም አልነበረም።

ስለ ወንበርና ስለ መድልዎ መጀመሪያ የሰማሁት ከአባ ጫኔ ነው። አባ ጫኔ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ባለ ጋሪ ነበሩ። ያኔ ባጃጅ ስሙም አይታወቅም፤ ጤፉም፣ ታማሚውም፣ ሙሽራውም የሚጓዘው በፈረስ ጋሪ ነበር። አመሻሹ ላይ ባለ ጋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን ፈተው ገለባ ካቀረቡላቸው በኋላ በአባ ጫኔ ግቢ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባሉ። እኛ የሰፈር ልጆች የምንሄደው ለተረቱ ነው እንል ነበር፤ ረመጥ ውስጥ ለሚቀበረው ድንች ነው ብለው የሚያሙንም አልጠፉም። የባሕር ዛፉ ጭስ እያስለቀሰን፣ ኩራዙ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጥላችንን ግድግዳው ላይ አንዴ እያስረዘመ አንዴ እያሳጠረ፣ ከኋላችን ፈረሶቹ ገለባውን ሲቆረጥሙ እየሰማን፣ ትኩሱን ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥን እናዳምጥ ነበር።

የሌላው ሰፈር ሽማግሌ ስለ ቀበሮና ስለ ዝንጀሮ ሲያወራ፣ አባ ጫኔ ግን ሬዲዮ ስለነበራቸው ቀን የሰሙትን ዜና ማታ ተረት አድርገው ያቀርቡልን ነበር። ያን ሰሞን ሬዲዮው በደቡብ አፍሪካ ነጩም ጥቁሩም በአንድ ሰልፍ ቆሞ ሊመርጥ ነው እያለ ያወራል።

«ከዘንገና ሐይቅ ማዶ፣ ከዓባይም ማዶ፣ ምድር የምታልቅበት አንድ አገር ነበረ» ብለው ጀመሩ። «ነጮች በመርከብ መጡና ባለ አገሮቹን ‹እንካፈል፤ መሬቱ ለእኛ፣ ሥራው ለእናንተ› አሏቸው። ከዚያ በሩን ከፈሉት፣ ወንበሩን ከፈሉት፣ የባሕሩን ዳር ሳይቀር ከፈሉት።»

«ዓሣውንስ?» አለ አንዱ ልጅ።

«ዓሣው እንደፈለገ ይዋኛል። የሚጠየቀው ሰው ነው።»

ነጮቹ ቀጥለው «እኛ የተመረጥን ሕዝብ ነን» አሉና ለዚያ የሚሆን መዝሙርም ሕግም አወጡ። ጥቁሮቹን ደግሞ በየነገዳቸው ለያዩአቸው፤ ለእያንዳንዱ ነገድ አንድ አንድ ደረቅ ኮረብታ ሰጥተው «ይኸው የገዛ አገርህ፣ ኩራበት» አሉት። ይህን ሁሉ አባ ጫኔ በረጋ ድምፅ ነበር የሚናገሩት። አውቶቡሱም በመልክ መከፈሉ ላይ ሲደርሱ ግን ጅራፋቸውን አነሡ። «ተሳፋሪን በመልኩ! ተሳፋሪ እኮ የእግዜር እንግዳ ነው! ሰዎቹም እንቢ አሉ፤ ከእንግዲህ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሄዱ። አውቶቡሱ ባዶውን ሲንገላታ ዋለ።»

«ታዲያ ነጮቹ ዝም ብለው ለምን አይለቁላቸውም ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የተቀመጡበት ሞቆ ነበራ፣ ልጄ።»

ከባለ ጋሪዎቹ አንዱ የድንቹን ልጣጭ ወደ እሳቱ ወርውሮ፣ «ተመስገን ነው! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነውር የለም» አለ። ሁሉም «ተመስገን» አሉ። እኔም አልሁ። እያልሁ ግን ሸክላዋ ትዝ አለችኝ።

ሸክላዋ የምንላት ከወንዝ ማዶ ባለው መንደር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። በገበያ ቀን ጋኗን፣ ማሰሮዋንና ድስቷን አባ ጫኔ በጋሪያቸው ያመጡላታል። ሸክላው ገለባ ተነጥፎለት፣ ተደግፎ፣ እንደ መኳንንት ይቀመጣል። እሷ ከኋላ በእግሯ ትከተላለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይበላል ይባል ነበርና ጋሪው ላይ ከወጣች ፈረሱ በማግስቱ ያነክሳል። በሠራችው ማሰሮ የተቀቀለውን መብላት ግን ምንም ጉዳት የለውም፤ ይህንንም አባቶቻችን መርምረው የደረሱበት ነው። ደግሞ የትም አልጻፍነውም። ያ የሩቅ አገር ምን ያህል ኋላ ቀር ቢሆን ነው በየበሩ መጻፍ ያስፈለገው? እኛ ሁሉን በቃላችን እናውቀው ነበር።

ያን ዓመት እኛም ዘንድ የብሔር ስብሰባ በዝቶ ነበር። አገው ነኝ የሚለው በሰባቱ ቤት አባቶቹና በፈረሱ ይኮራል፤ አማራ ነኝ የሚለውም የሚኮራበት አላጣም፤ በሰፈራ መጥተው ቆላ የሚያርሱትም ስለ ጥንት ቀያቸው ይናገራሉ። አባቴ ከስብሰባ ሲመለስ የሰማውን ሁሉ ይነግረን ነበር። በምንም ሳይስማሙ ውለው በአንድ ነገር ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ አንድ ነበሩ፤ ሸክላዋ ከደጅ ትቁም።

እናም ጠየቅሁ። «አባ ጫኔ፣ ሸክላዋ እዚያ አገር ብትሆን ነጭ ናት ወይስ ጥቁር?»

«አንቺ ልጅ፣ ድንቹ አፍሽን አልሞላውም?» አለኝ ያ ልጣጭ የወረወረው ባለ ጋሪ። አባ ጫኔ ረመጡን በእንጨት ቆሰቆሱት፤ ፍንጣሪው ወደ ላይ ወጣ። ተረቱም ያን ማታ ሳያልቅ ቀረ።

በሚቀጥለው ገበያ እናቴና እኔ ከወንዝ ማዶ ዘመድ ጥየቃ አድረን በአባ ጫኔ ጋሪ ስንመለስ ሸክላዋ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር። አባ ጫኔ እንደ ልማዳቸው ሸክላውን ጫኑ። ከዚያ ጋኑን ገፋ አድርገው ከኋላ መቀመጫው ላይ ቦታ አበጁና፣ «ነይ ውጪ፣ ያልጋነሽ» አሉ። ስም እንዳላት ያኔ አወቅሁ።

«አባ ጫኔ፣ ምን ነካዎት?» አለች እናቴ። «ፈረስዎን ሊያስበሉ ነው?»

ያልጋነሽ ገና መሬት ላይ እንደቆመች ዳማን፣ ፈረሱን ማለቴ ነው፣ ከጅራቱ ጀምራ አየችው። «እሜቴ፣ ስንት ዘመን የዚህን ፈረስ ኋላ እያየሁ ነው የምሄደው። ዓይኔ የሚበላ ቢሆን እንዲህ ይወፍር ነበር?»

እውነቷን ነው፤ ከዳንግላ ፈረሶች ሁሉ እንደ ዳማ ዳሌው የሞላ አልነበረም። አባ ጫኔ ሳቃቸው አምልጧቸው ልጓሙን ሊለቁት ደረሱ። እናቴ ግን የቤተሰባችንን ክብር በአንድ ፈረስ ዳሌ የምትለውጥ ሴት አልነበረችም። እጄን ይዛ ወረደች። እናም ከወንዙ እስከ ገበያው እኛ ከኋላ ሄድን። የጋሪ የኋላ መቀመጫ ፊቱ ወደ ኋላ ነውና ያልጋነሽ ማሰሮዋን ታቅፋ እኛን እያየች ትጓዛለች፤ እናቴ አንገቷን እንደ ሰንደቅ አቁማ ፋንድያ ትረግጣለች።

«ልጅቷ እንኳ ትውጣ፣ ደክሟታል» አለች ያልጋነሽ።

«አልደከማትም!» አለች እናቴ። ደክሞኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በአባ ጫኔ ጋሪ የሚሳፈር ጠፋ። ሌሎቹ ባለ ጋሪዎች ሲያልፉ «አባ፣ ዛሬም ተሳፋሪዎ ጋን ብቻ ነው?» ይሏቸዋል። «ጋን ይሻላል፤ ጋን ሰው አያማም» ይላሉ እሳቸው። ይላሉ እንጂ ለዳማ ገብሱ ቀርቶ ገለባ ብቻ ሆነ፤ ማታ እሳቱ ዙሪያም የቀረነው ድንች ወዳዶቹ ልጆች ብቻ ነበርን። እኔም የጠየቅሁት ጥያቄ የሽማግሌውን እንጀራ ሊያዘጋ ነው ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን በየገበያው ያንኑ ቦታ እያበጁ «ነይ ውጪ፣ ያልጋነሽ» ማለታቸውን አልተዉም።

ያዳናቸው ክረምቱ ነው። የዳንግላን ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ ስብሰባ ያላስታረቀውን ያስታርቃል። ጨው ተሸክመን ዝናብ የያዘን ዕለት ካሉት ጋሪዎች ሁሉ ቦታ ያለው የአባ ጫኔ ብቻ ነበር። እናቴ ጨዉን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ እግሯን ከጭቃው ነቅላ ወጣች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ያልጋነሽን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ «እስቲ ፈቀቅ በይ» ነው ያለቻት።

«ወዴት ልፈቀቅ፣ እሜቴ? ከዚህ ወዲያ ያለው ጭቃ ነው።»

ግን ፈቀቅ አለች። ዳማም አላነከሰም። ሌላውም ሰው ጭቃውን እያየ አንድ በአንድ መሳፈር ጀመረ፤ አባ ጫኔም ያቋረጡትን ተረት ጨረሱልን፤ የዚያ አገር ሰዎች በረጅሙ ተሰልፈው፣ ተራቸውን ጠብቀው መረጡ። በእኔ ግምት ያ አገር ያን ሁሉ ዘመን ታግሎ የደረሰበት ላይ እናቴ በአንድ ክረምት ደርሳለች፤ በዚህም እኮራለሁ።

አሁን ባጃጅ ገብቷል። አባ ጫኔም ያልጋነሽም አርፈዋል። ስለ ደቡብ አፍሪካ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሕጉን፣ ኮረብታውን፣ አውቶቡሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳለሁ፤ ቤተሰቡም ታሪክ አዋቂ እያለ ይጠራኛል። አምና ታናሽ ወንድሜ ሊያገባት የፈለጋትን ልጅ ለማየት ዘመድ ሲሰበሰብም እናቴ አጠገብ የተቀመጥሁት በዚሁ ማዕረጌ ነው። ልጅቷ የያልጋነሽ የልጅ ልጅ ናት። «ጋሪና ጋብቻ ለየቅል ነው» ብሎ አጎቴ ከመጀመሪያው ተናግሮ ነበር፤ የተቃወመው የለም፤ ሁሉም ያረጀችውን እናቴን ያያል። ልጅቷ ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ወንድሜ ከጎኗ ቆሞ ላብ ጠመቀው። ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ተቀመጪ ያላት አልነበረም።

እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ በሩን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«እስቲ ፈቀቅ በይ።»

ታሪክ አዋቂዋ ትንሽ ቆየሁ። ያ የአባ ጫኔ እሳት፣ ጭሱ፣ የፈረሶቹ ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የተቀመጥሁበት ሞቆ ነበር።

ከዚያ ፈቀቅ አልሁ። አልጠበበኝም አልልም፤ ጠቦኛል። ልጅቷ ግን መጥታ ስትቀመጥ ሞቆ አገኘችው።