ዌንደል በጣቱ ያነበበው ቁጥር

ዌንደል ሃቸር የኬንታኪ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ የማዕድኑ ፍንዳታ ዓይኑን ካጠፋው ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የአባቱን ጠመንጃ ኦሃዮ ለምትኖረው የልጅ ልጁ ለኮርዲሊያ ሊሰጥ፣ በጎረቤቱ መኪና እዚያው ያለው የጦር መሣሪያ ሱቄ ድረስ መጣ።

«አባባ፣ እኔው ቤትህ መጥቼ ብወስደው ምን ነበረበት?» አለችው።

«አንቺ የሌላ ግዛት ሰው ነሽ። ሕጉ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይለፍ ይላል።»

ልመዘግበው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የጠመንጃውን መለያ ቁጥር ብፈልግ ደብዝዞ አልነበብ አለኝ።

«እስቲ ወዲህ በለው» አለ ዌንደል፤ ብረቱንም በጣቱ እየዳሰሰ ስድስቱን አኃዞች አንድ በአንድ ጠራልኝ።

«በቃልዎ ያውቁት ኖሯል።»

«ቁጥር እንዳለውም ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

በማጉያ መነጽር አየሁት፤ አንዱም አልተሳሳተም። እንደጠራልኝ መዝገቤ ላይ አሰፈርኩት።

ኮርዲሊያ ቅጹን ሞላች፤ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውንም አለፈች። ሽማግሌው ጠመንጃውን ሲያስረክባት ሱቁ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳናስበው ከመቀመጫችን ተነሥተን ነበር።