«መጣ!» ብለን የጮኽን ዕለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ ነው። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ፤ የከሰረበትን ሁሉ የሚያስታውስ ነጋዴ ጠዋት ሱቁን አይከፍትም። ይህን ግን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ስለሚያስታውሰኝ ልረሳው አልቻልኩም። መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

የምሸጠው የቢሮ ዕቃ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ። ሰብለ የምትባል የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ልትከፍት ብላ ሱቄ መጣች። የተከራየችው አንድ የድሮ ቤት ውስጥ፣ በጓሮ በኩል ያለውን ሰፊ ክፍል ነው። ከፊት ለፊት የታምሩ ፀጉር ቤትና አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሉ። ሁሉም የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው።

ሰብለ ጠረጴዛዎቹ ክፍሉ መሀል እንዲቀመጡ ፈለገች። «ሽቦ ግን እግሬ ሥር እንዳላይ» አለች። ደንበኛ አለ ማለት አለ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ ሰው በደረቱ እየተሳበ የሚገባበት ክፍተት አለው። ሽቦውን በዚያ አሳልፈን ሶኬቶቹን ከየጠረጴዛው ሥር እናወጣለን ብዬ ተስማማሁ። እናወጣለን የምለው እኔ ነኝ፤ የሚያወጣው ግን ማቴዎስ ነበር።

ማቴዎስ ብዙ ሥራ አብሮኝ የሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቀጭን፣ ተጫዋች፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ልጅ አልኩ እንጂ ትዳር ይዞ ምሥራቅ በኩል ጎጆ ቀልሷል። ሚስቱ ሥራውን ስለምትፈራ በየቀኑ ትደውልለታለች። «አጥፍተሃል?» ትለዋለች፤ «አጥፍቻለሁ» ይላታል። ሰላምታቸው እሱ ነው።

የዚያን ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። እንዲህ ያለ ቀን ለኤሌክትሪሺያን ምቹ ነው። በእኛ ከተማ አብዛኛው የመስመር ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጠብቆ። ማጥፊያ ፍለጋ መንከራተት የለ፣ «ፍሪጄን አጠፋህብኝ» የሚል ጎረቤት የለ።

ደግሞም የዚያ ቤት ማከፋፈያ ተቆልፎ ነበር። ታምሩና ፎቶ ኮፒው ሲጣሉ አንዱ የሌላውን መስመር እየሄደ ያጠፋ ነበርና፣ አከራዩ ተማሮ በብረት ሳጥን ቆለፈባቸው። ቁልፉን የያዙት ዘበኛው አባባ ላሊሞ ናቸው። እሳቸው ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ሄደዋል፤ ቁልፉም ከነኮታቸው አብሮ ሄዷል። ስንደውል ስልካቸው ዝግ ነው።

«እስኪመጡ አንጠብቅም?» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ሳለ ከዚህ በላይ ምን ይጥፋልዎ?» ብሎ ሳቀ። የድሮውን መስመር ገልጦ ቴስተሩን አስነካው። አልበራም። «ይኸው፣ የለም» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ደወለች። እሱ ዳቦ እያላመጠ፣ «ዛሬስ ከላይ ነው ያጠፉልኝ፣ አታስቢ» አላት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ብቻ ሳቀና ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ተመልሶ ገባ።

ወለሉ ሥር ያለው አፈር የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ርሶ ነበር። ማቴዎስ ማዳበሪያ አንጥፎ በደረቱ ተኛበት። ጣውላው ከተነሣበት ቀዳዳ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር። «ፒንሳ» ሲል ፒንሳ አቀብለዋለሁ፣ «ናስትሮ» ሲል ናስትሮ። «በዚህ ዕድሜዎ ረዳት ሆኑ አይደል?» ይለኛል ከሥር። «አንተ ፍልፈል፣ ዝም ብለህ ቆፍር» እለዋለሁ። አዲሱን ሽቦ ከድሮው ጋር ሊያጋጥም ነበር። የመጨረሻው ሥራ እሱ ነበር።

መብራት የመጣው ያኔ ነው።

መብራት ሲመጣ ሰፈራችን እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከፀጉር ቤቱ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ ከማዶ ካለው ሻይ ቤትም። ልጆች አጨበጨቡ። እኔም፣ ዕድሜዬን ሙሉ የለመደብኝ ነገር ነውና፣ ሳላስብ «መጣ!» ብዬ ጮኽኩ። ከወለሉ ሥርም አጭር ጩኸት ሰማሁ። እሱም እንደ እኛ ደስ ብሎት የጮኸ መሰለኝ። ፈገግ ብዬም ነበር።

ከዚያ እግሩን አየሁት። ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ተገተረ።

ልይዘው ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ብይዘው ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ አይኖርም ነበር። «አጥፉ! ታምሩ፣ አጥፋ!» እያልኩ ወጣሁ። ታምሩ በባትሪ የሚሠራውን የፀጉር ማሽኑን እንደያዘ ሳጥኑ ጋ ሮጠ። ራሱ ባመጣው ጣጣ የተቆለፈውን ሳጥን በድንጋይ መቀጥቀጥ ጀመረ። ጓጉንቸሩ ቶሎ አልሰበርም አለ። ልጆቹ ከአጥር ውጭ ገና እያጨበጨቡ ነበር።

ሲጠፋ እግሩን ይዘን ጎተትነው። ዝልፍልፍ ብሎ ወጣ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው፤ እኔ፣ ታምሩ፣ ደግሞም ግማሽ ራሱን የተላጨ አንድ ደንበኛ። ሰውዬው ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ማቴዎስን ታቅፎ ነበር። ስሙን እንኳ አናውቅም። ሆስፒታል በር ላይ አንዲት ነርስ እሱን ነው «ምን ሆነህ ነው?» ያለችው። ሐኪሙ የማቴዎስን ዓይን ገልጦ አየና እኛን ቀና ብሎ ሳያይ ራሱን ነቀነቀ።

መስኮቱ ላይ የቀረውን ስልክ ኪሴ ከትቼው ስለነበር እዚያው ጮኸ። ሚስቱ ናት። አላነሣሁትም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎችና እኔ ሆነን በሩን አንኳኳን። ሌሊቱን አልተኛችም። ስታየን ገባት፤ አልጮኸችም። ከመሀላቸው እኔን ለይታ አየችኝና፣

«ከላይ አጥፍተውልኛል ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «እርስዎም አብረውት አልነበሩም? መብራት ጠፍቶ አልነበረም እንዴ?»

«ጠፍቶ ነበር» አልኳት። እውነት ነው፤ ጠፍቶ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደረቅ ሳል ሳሉና መጸለይ ጀመሩ።

ያ ደንበኛ ለቀብር መጣ። ሙሉ ራሱን ተላጭቶ ነበር። ከሩቅ ያዩት ለቀስተኞች የቅርብ ዘመድ ነው ብለው ቦታ ለቀቁለት።

አባባ ላሊሞ ከለቅሶ ሲመለሱ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ የተሰበረው ሳጥን ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ቁልፉን ግድግዳው ላይ ሚስማር መትተው ሰቀሉት፤ እስካሁን እዚያው ነው። አከራዩ አዲስ ጓጉንቸር ይዞ ቢመጣ ታምሩና ፎቶ ኮፒው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው መለሱት። ሰብለም ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። መሀሉ ባዶ ነው፤ ጣውላው ተመልሶ ተመትቷል፣ ሰው ግን ዙሪያውን ነው የሚሄደው።

እኔ አሁንም ጠረጴዛ እሸጣለሁ። ሠራተኛ ስልክ ሲጮህበት «አንሣላት» እለዋለሁ። የማከፋፈያው ቁልፍ እጄ ካልገባ ደግሞ ወለል የሚባል አላስነካም፤ ደንበኞች ሽማግሌው ጨቅጫቃ ሆኗል ይሉኛል፣ ይበሉ።

መብራት ሲመጣ ሰፈሩ እንደ ድሮው ይጮኻል። እኔ አልጮኽም፤ ታምሩም አይጮኽም። ጩኸቱ እስኪያልፍ አንገቴን ደፍቼ፣ ከሥር የሚሰማ ሌላ ድምፅ እንዳለ አዳምጣለሁ።