አባዬ ማርታን እምቢ ያለ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ከክፍል ስንወጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የሲያትል ዝናብ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ የሚያርፍ እርጥብ አየር ነው እንጂ ዝናብ አይባልም። የማክሰኞው ግን የምር ነበር። ባዮሎጂ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠው ኬይላ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች፣ "ሲታክ አይደል የምትኖሪው? ላድርስሽ?" አለችኝ።

"አይ፣ አይ፣ ደህና ነኝ። ባቡር አለ" አልኳት።

"ኦኬ!" አለችና ሄደች።

ዞራ እስክትደግምልኝ ቆሜ እየጠበቅኩ እንደነበር የገባኝ የመኪናዋ የኋላ መብራት ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው። ባቡር ጣቢያ እስክደርስ ጫማዬ ውሃ ሞላ። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ ከሱሪዬ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ ሳይ፣ ብዙ ጊዜ ያላሰብኳት ማርታ ትዝ አለችኝ።

ማርታ ፈረስ ነበረች።

አባቴ ያደገው አርሲ ነው። እዚያ ሰርግም ለቅሶም ያለ ፈረስ አይደምቅም፤ ሰው ሁሉ ስለ ፈረስ የራሱ አስተያየት አለው። ሲያትል መጥቶ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ግን ያ ሁሉ ያለቀለት መስሎት ነበር። አንድ ቀን ከኤርፖርት አንዲት አሮጊት አሳፍሮ፣ ኢነምክሎ ወደምትባለው ተራራ ሥር ያለች ከተማ ሲወስዳት፣ ሴትየዋ የጋጣ ሠራተኛዋ ጥሏት እንደሄደ በስልክ ለሰው ስታወራ ሰማ። ሻንጣዋን ካወረደላት በኋላ ቶሎ አልተመለሰም። አጥሩን ተደግፎ ፈረሶቹን ሲያይ ቆየ። ሴትየዋ ዶረቲ ትባላለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋጣዋን የሚጠርገው አባዬ ሆነ፤ እኔም ቤት ከቀረሁ ልብስ ማጠፍ ስለሚጠብቀኝ አብሬው እሄድ ነበር።

መንገዱን እወደው ነበር። ኦበርን የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ሱቆቹ ይሳሱና ሜዳው ይጀምራል። ክረምት ላይ ውሃ ያቆረው ማሳ መስተዋት ይመስላል፤ በጋ ላይ ደግሞ መንገድ ዳር እንጆሪና በቆሎ ይሸጣል። ሰማዩ ከጠራ፣ በአንዱ ኩርባ ላይ ያ ትልቅ በረዷማ ተራራ መኪናችን ላይ ሊወድቅ የደረሰ ይመስል ድንገት ብቅ ይላል። እማዬ በእንቁላል የታሸ ዳቦ ትቋጥርልን ነበር፤ እኛም ገና ኦበርን ሳንደርስ እንጨርሰዋለን።

ማርታ ያኔም አሮጊት ነበረች። ዳማ ናት። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ቦቃ፣ የፈሰሰ ወተት ይመስል ወደ ግራ ያዘነብላል። የውድድር ስሟ ማርታስ ላንተርን፣ የማርታ ፋኖስ ማለት ነው፤ አባዬ ግን ፋኖሱን ትቶ ማርታ ብቻ አላት። የእሱን መኪና ድምፅ ለይታ ስለምታውቅ ገና ሳናቆም አንገቷን በጋጣው በር ታወጣ ነበር።

የዶረቲ ሳሎን ግድግዳ በማርታ ፎቶ የተሞላ ነው። ማርታ በወጣትነቷ ኦበርን ባለው የውድድር ሜዳ ትሮጥ ነበር። ትንሽ ስለነበረች ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። አነሳሷ ዘገምተኛ ነው። ሌሎቹ ከፊቷ ተግተልትለው ሲሮጡ እሷ ጭቃ እየተረጨባት ከኋላ ትከተላለች፤ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን እንዳዲስ የተነሳች ትመስላለች። በተለይ ዝናብ ጥሎ ሌሎቹ ፈረሶች እግራቸውን ሲሰስቱ እሷ አትሰስትም። "የሲያትል ልጅ ናት፤ ፀሐይ አይስማማትም" ትል ነበር ዶረቲ። እንዲህ እያለች ስታሸንፍ ቆይታ አንድ ቀን የፊት እግሯ ጅማት ተጎዳ። ጅማቱ ዳነ፤ ሩጫው ግን በዚያው አበቃ።

ከዚያ እናት ሆነች። የመጀመሪያ ልጇ ለሩጫ የማይሆን ሰነፍ ወጣና ከሊንውድ ወዲያ ሕፃናት ግልቢያ ወደሚማሩበት ቦታ ተላከ። ሁለተኛዋ፣ ሴቷ፣ የእናቷን የጭቃ ሩጫ ወርሳ ስም አወጣች። አንዱ ካሊፎርኒያ ተሸጠ። አንዱ ደግሞ ገና በጨቅላነቱ ሞተ፤ ዶረቲ የእሱን ነገር ስታነሳ ማርታ እንዳትሰማት ይመስል ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር።

አባዬን በጣም የገረመው ግን የዘር አቆጣጠራቸው ነው። እኛ በአባት ነው የምንቆጥረው። በቅሎ እንኳ "አባትሽ ማነው?" ስትባል "እናቴ ባዝራ ናት" ያለችው አባቷን አፍራ እንጂ እናቷን አክብራ አይደለም። በሩጫ ፈረስ አርቢዎቹ ዘንድ ግን ካንድ አባት የተወለዱ ፈረሶች ወንድማማች አይባሉም፤ ካንድ እናት የተወለዱ ግን ይባላሉ። አባዬ ይህን በሰማ ቀን አካፋውን አስቀምጦ ማርታን ትክ ብሎ አያት።

"እንግዲያ አንቺ የነገድ እናት ነሽ" አላት። "እኔ ደግሞ እንደ ተራ ሰው ነው የማዋራሽ።"

የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ እኛም እዚያው ነበርን። ቅዳሜ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል። አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ የውርንጭላዋን የፊት እግሮች ይዞ ከማርታ ምጥ ጋር እኩል ያምጥ ነበር። ውርንጭላዋ ስትወጣ እሷም ወደ ግራ ያዘነበለ ቦቃ አላት። ዶረቲ እያለቀሰች፣ "በእናንተ ቋንቋ ዛሬ ምን ይባላል?" አለችው። "ቅዳሜ" አላት። ውርንጭላዋም ቅዳሜ ተብላ ተመዘገበች። በኋላ ኦበርን ውስጥ በድምፅ ማጉያ ስሟን "ኪዳሚ" እያሉ ሲጠሩት እኔ በስልኬ እየሰማሁ እስቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ አሳዛኙ ነገር ልምጣ።

ዶረቲ ደግ ናት፤ ያላትን ሁሉ ታቀርባለች። አባዬ ደግሞ የመጀመሪያውን ግብዣ አይቀበልም። መጀመሪያ ላይ ምሳ ሰዓት፣ "ታዲ፣ ሳንድዊች ልሥራልህ?" ትለው ነበር። "ኖ፣ ኖ፣ ጠግቤያለሁ" ይላታል። "ኦኬ" ትልና ብቻዋን ትበላለች። መኪና ውስጥ ስንገባ "ሆዴን ሞረሞረኝ እኮ" ይለኛል። "ታዲያ ለምን እምቢ አልክ?" ስለው፣ "ገና ሳትለምነኝ?" ይላል።

አንድ የምር እምቢታም ነበረው። አባዬ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ጋጣ መጥረግ ሥራ ነው፤ በገንዘብ የሚወራረዱበትን የሩጫ ሜዳ ግን እግሩ አይረግጥም። የማርታ ልጅ ስታሸንፍ ዶረቲ አብሯት ፎቶ እንዲነሳ ጋብዛው ነበር። "ኖ" አላት። ያ እምቢታ ከልቡ ነበር። ዶረቲ የሳንድዊቹን እምቢታ ከፎቶው እምቢታ በምን ትለየው? ሁለቱም ያው "ኖ" ናቸው፤ ሁለቱንም በዚያው ፈገግታ ነው የሚላቸው። ውላ አድራ አንዴ ብቻ መጠየቅ ለመደች።

መስከረም ላይ፣ እኔ አስራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ዶረቲ አጥሩ ጋ ጠራችው። ቤቱን ሸጣ ልጇ ዘንድ አሪዞና ልትሄድ ነው። ሌሎቹ ፈረሶች ሁሉ ቦታ አግኝተዋል። እጇን ክንዱ ላይ አሳርፋ እንዲህ አለችው፤ "ማርታን አንተ ብትወስዳት ደስ ይለኛል። ጎረቤቴ ሜዳው ላይ ያኖርልሃል፤ አነጋግሬዋለሁ። ከሰው ሁሉ የምታውቀው አንተን ነው።"

አባዬ ፊቱ በራ። እኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ኖ፣ ኖ፣ ዶረቲ። ይሄ በጣም ብዙ ነው። አይሆንም" አላት።

"ኦኬ፣ ታዲ" አለች ዶረቲ። "ይገባኛል።"

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ መዝሙር ይዘምር ነበር። የቁጭት መዝሙር አልነበረም፤ መሪውን እየመታ ነበር የሚዘምረው።

"ቅዳሜ ስትደግምልኝ እሺ እላታለሁ" አለኝ። "ወዲያው እሺ ብላት ቤቷን የምትሸጥበትን ቀን ስጠብቅ የኖርኩ ነው የሚመስለው።"

"ዳድ፣ ሺ ኢዝ ኖት ጎና አስክ አጌን" አልኩት፤ ሁለተኛ አትጠይቅህም ማለቴ ነው።

"እንዴ! ፈረስ የሚያህል ነገር 'በሞቴ' ሳይባልበት ይሰጣል?"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ንጹሕ ጃኬት ለብሶ ወጣ። ለጋጣ ጃኬት አይለበስም። ኋላ ወንበር ላይ ካሮትና አዲስ የገዛው ቀይ የፈረስ ራስ ማሰሪያ ነበር፤ የዋጋውን ወረቀት ቀድዶ ጥሎታል። ዝናብ ያረጠበው ጥድ መንገዱን ሁሉ ይሸት ነበር። መኪናችን ስትገባ ግን በጋጣው በር የወጣ አንገት አልነበረም።

ጋጣው ተጠርጎ፣ የውሃው ባልዲ ተደፍቶ ነበር።

"ረቡዕ ሄደች" አለችው ዶረቲ። "ከተራራው ማዶ ያለ ሰውዬ ነው የወሰዳት፤ አሮጌ ፈረሶችን ይቀበላል። ቦታ አፈላልግላታለሁ ብሎኛል። አንተ አይሆንም ስላልከኝ..."

አባዬ ካሮቱን እንደያዘ ቆመ። አንድ ቃል ይናገራል ብዬ አፍ አፉን አየሁት።

"የስ፣ የስ" አለ። "ኖ ፕሮብሌም።"

ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ቀኑን ሙሉ ዕቃዋን በካርቶን ሲያሽግላት ዋለ። ግድግዳው ላይ ያሉትን የማርታን ፎቶዎች አንድ በአንድ በጋዜጣ የጠቀለላቸው እሱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊች ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። "የስ" አላት፤ ተቀብሎም አልበላውም። ልንሄድ ስንል ነገሬ ያላለው አስመስሎ የሰውየውን ስልክ ጠየቃት።

"ለምን እውነቱን አልነገርካትም?" አልኩት መኪና ውስጥ።

"አሮጊት ናት። ነገ ቤቷን ለቅቃ ትሄዳለች። ይህንን ደግሞ ላሸክማት?"

መንገድ ዳር፣ የተዘጋ የበቆሎ መሸጫ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ደወለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር እንጂ። ማርታን በማግስቱ ከሌሎች ጋር ለሌላ ነጋዴ አሳልፏታል። ወዴት? እርግጠኛ አይደለም፤ ወደ ሰሜን ሳይሆን አይቀርም። የነጋዴው ስልክ የለውም። አባዬ አመስግኖት ዘጋ። እኔ ያረጁ ፈረሶች ከድንበሩ ማዶ፣ ወደ ሰሜን፣ ለምን እንደሚጫኑ በስልኬ ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩና ቄራ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ስክሪኑን አጠፋሁ። አባዬ ምን እንዳነበብኩ አልጠየቀኝም። ያውቅ ነበር መሰለኝ።

ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነስቶ፣ "ማርታ የምትባል ጠፍታብናለች፤ ጸልዩልን" አለ። ፈረስ መሆኗን አልተናገረም፤ ያውም የውድድር ፈረስ። ምዕመናኑ ከልባቸው ጸለዩ። ከዚያ በኋላ ከምዕመናኑ አንዷ፣ እማማ ዘነቡ፣ በየጊዜው በር ላይ ያስቆሙት ነበር።

"ማርታ ደወለች?"

"አልደወለችም፣ እማማ።"

"ልጆች አሏት?"

"አሏት።"

"ታዲያ እነሱ አይፈልጓትም? አዪ፣ የእናት ነገር!"

አባዬ ጫማውን ያያል። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳየው ተወኝ።

ማርታ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አናውቅም። አባዬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለምንም ነገር እምቢ አይልም። ጎረቤት "ይህንን ትፈልጋለህ?" ካለው አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ "የስ" ይላል። የማይሠራ የመሮጫ ማሽን አለን። ዓሣ የሌለበት የዓሣ ገንዳ አለን። አንድ የዋይት ሴንተር ሰፈር ተሳፋሪው የሰጠው አንድ ካርቶን የታሸገ ዱባ አለን፤ እማዬ ምን እንደሚሠራበት አታውቅም። "በጌታ፣ አንዱን እንኳ እምቢ በል!" ትለዋለች።

የማርታ ልጅ ቅዳሜ ዘንድሮም ትሮጣለች። አባዬ አሁንም ሜዳው ውስጥ አይገባም። ዝናብ ያደረበት ጠዋት ግን ተሳፋሪ ከሌለው ኦበርን ድረስ ይነዳና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ልምምዷን ያያታል። አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ከኋላ ሆና ጭቃ እየተረጨባት መጣች፤ ቦቃዋ ብቻ ነው የሚታየው። አባዬ የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ውሃ እያንጠባጠብኩ ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው? የሚያደርስሽ ሰው አጣሽ?"

"ኬይላ ላድርስሽ ብላኝ ነበር።"

"እና?"

ጎንበስ ብዬ የራሰ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። በሩ ጋ የመኪናው ቁልፍ ከሚንጠለጠልበት ሚስማር ላይ ቀዩ የራስ ማሰሪያ ተሰቅሏል፤ አንድም ቀን ራስ ላይ አልገባም። ሁለታችንም ወደዚያው አየን።

"ስንት ጊዜ ጠየቀችሽ?"

"አንዴ።"

ተነስቶ ፎጣ አመጣልኝና ራሴ ላይ ጣለው። ይሄ ነገር ከእሱ ወደ እኔ እንዴት እንደተላለፈ አሰብኩ። ልታገስ፣ አላስቸግር፣ ደግ ሰው ልባል ብዬ ስንት ነገር አሳልፌ ይሆን? እሱ ያስተማረኝ ነገር አይደለም፤ እንደ ማርታ ቦቃ ሳይጠየቅ የሚወረስ ነው።

"ነገ ንገሪያት" አለኝ።

"ምን ብዬ?"

"'እምቢ ያልኩሽ እሺ ልልሽ ነበር' በያት።"

"እሱ በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል፣ አባዬ?"

ፎጣውን ከራሴ ላይ አንስቶ እንደ ልጅነቴ ፀጉሬን ያሸው ጀመር።

"እኔም እሱን ሳስብ ነው ማርታ የሄደችው" አለኝ።