ቀይ እርሾ፣ ነጭ እርሾ

ትምህርቴን ጨርሼ ከሶቭየት ኅብረት ስመለስ ጓደኞቼ ቴፕና ካፖርት ይዘው መጡ፤ እኔ በካልሲ የተጠቀለሉ አራት የእርሾ ቱቦዎች። ምርምር ተቋም እገባለሁ ብዬ ነበር። የተመደብኩት ግን ድሬዳዋ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እንዳስተምር ነው። ቀይ ሽብር ካለፈ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም ሰው ገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

እርሾዬ የዳቦ እርሾ ዘመድ ናት፤ ልዩ የሚያደርጋት ቀለሟ ነው። ሳህን ላይ ስትዘራ በርበሬ የመሰሉ ቀይ ነጠብጣቦች ሆና ትበቅላለች። አልፎ አልፎ ከቀዮቹ መሀል አንዲት ነጭ ብቅ ትላለች። የሚገርመው፣ ነጯን ከቀይዋ ጋር ሲያዳቅሏት ግማሾቹ ቀይ መሆን ሲገባቸው ልጆቹ በሙሉ ነጭ ይሆናሉ። ምክንያቱን ያስተማሩኝን ፕሮፌሰር ስጠይቃቸው እንደማያውቁ ሳያፍሩ ነግረውኛል። ያን መልሳቸውን እስከ ዛሬ እወድላቸዋለሁ።

የድሬ ሙቀት ለእርሾ ምሕረት የለውም፤ የትምህርት ቤቱም ፍሪጅ ከተበላሸ ቆይቷል። ቀፊራ ገበያ ጥግ ለስላሳ የሚሸጡ አንዲት ሶማሌ እናት ነበሩ። ሁላችንም «ኤዶ» እንላቸዋለን፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው። በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ነበራቸው። ቱቦዎቹን አሳይቼ እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው። ሰው ያሳምም እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ፤ እንደማያሳምም ስነግራቸው ከጠርሙሶቹ ኋላ ቦታ ለቀቁልኝ።

ምግቧን ራሴ አዘጋጀሁ። ድንችና ስኳር ቀቅዬ፣ ከዳቦ ቤት ያመጣሁትን እርሾ አፍልቼና አጥልዬ፣ ይዤ የመጣሁትን የሚያረጋ ዱቄት ጨመርኩበት። ከሳምንት በኋላ አሥራ አንደኛ ክፍሎች ሳህኑን እየተቀባበሉ አዩ፤ ከቀዩ ሁሉ መሀል አንዲት ነጭ ነበረች። ስለ ማዳቀሉም ነገርኳቸው።

የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆነች፣ ብዙም የማትናገር ተማሪ ነበረችኝ። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ነጯ ሁልጊዜ የምታሸንፍ ከሆነ፣ እስካሁን ሁሉም ለምን ነጭ አልሆኑም?»

አላውቅም አልኳት። እሷ ግን ቀዮቹ የሚከላከሉበት አንድ ነገር ሳይኖራቸው አይቀርም ብላ ተቀመጠች።

ልክ ነበረች። ምክንያቱ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ሳነበው እንባዬ መጣ። ፕሮቲን በሴል ውስጥ እንደ ክር ተጣጥፎ ነው ሥራውን የሚሠራው። አንዳንዴ አንዱ አስተጣጠፉን ይስትና ጤነኛውን ሲነካ እሱንም ያሳስተዋል፤ እየተያያዙም ክምር ይሠራሉ። ነጯን ነጭ ያደረጋት ይኸው ነበር። እርሾ ግን ዝም ብላ አታይም። የተሳሳተውን የሚያቃኑ፣ ክምሩን የሚሰባብሩ፣ ሰብስበውም አንድ ጥግ የሚይዙ ሌሎች ፕሮቲኖች አሏት፤ ክምሩ ጥግ ከተያዘ ስትከፈል አንደኛዋ ሴል ንጹሕና ቀይ ሆና ልትወጣ ትችላለች። ብዙው ሕመም ገና ሲጀምር ይድናል። እኛ የምናየው ያመለጠውን ብቻ ነው።

ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የተማሪዎቼ ወሬ በግቢው ተሰራጨ፤ የትምህርት ቤቱ ካድሬ ጆሮ ሲደርስም «ነጩ ቀዩን ያሸንፋል» የሚል ሆኖ ነበር። በዚያ ዘመን ቀይ የአብዮቱ፣ ነጭ የጠላቶቹ ቀለም እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

መምህራን በተሰበሰቡበት አስነሣኝ። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እርሾውን እንድደፋና ግለ ሂስ እንድጽፍ አዘዘ። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነጭ የሚባል እርሾ እንደሌለ፣ ተማሪዎችን እንዳሳሳትኩ ይላል። የሚጠበቅብኝ ፊርማ ብቻ ነው። ወረቀቱን ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጓድ፤ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አልፈርምም» አልኩ። «ሳህኑ እዚሁ ነው። እርስዎም ይዩት።»

አላየውም። የማስተምረው ማንን ለማገልገል እንደሆነ ጠየቀኝ። የተማሪዎቼን ጥያቄ ነው አልኩት። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት የሒሳብ መምህር መነጽራቸውን አድርገው ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉና «ነጭ ናት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

ሳህኑን ግቢው ውስጥ ሰበሩት። እኔን ሦስት ቀን ቀበሌ አስቀምጠው እየደጋገሙ ጠየቁኝ። ወረቀቱ በየቀኑ ይቀርብልኛል፤ በየቀኑም ሳልፈርም እመልሰዋለሁ። በአራተኛው ቀን ወደ መልካ ጀብዱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዛወሬ ተነገረኝ። ለቅጣት መሆኑ ነው።

ቱቦዎቹን የጠየቀኝ አልነበረም። ልወስዳቸው ስሄድ ኤዶ የቀበሌ የመሰላቸው ሰው ፍሪጁን ሊያይ መጥቶ እንደነበር፣ እሳቸውም ለስላሳ ካልገዛ እንደማይከፍቱለት ነግረው እንደመለሱት አጫወቱኝ። ቱቦዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«አቦ፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ባዶውን ቦታ ለሌላ አልሰጥም። ሲሞቅብሽ አምጪው።»

የመልካ ጀብዱው ርዕሰ መምህር ክፉ ሰው አልነበሩም። ዶሴዬን አንብበው ስለ ቀለም ምንም እንዳላነሣ መከሩኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ድንች ቀቀልኩ፤ በሦስተኛው ሳህኖቹን ይዤ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ።